ተራራው ቅርብ፣ ክረምቱ ሩቅ

እነሆ ጾመ ፍልሰታ ገብቷል፤ ነሐሴ 13 ቀንም የደብረ ታቦር በዓል ይውላል። በዚህ አገር አቆጣጠር ዕለቱ ኦገስት 19 ነው። በዚህ ዓምድ ስለ በዓላት ስንጽፍ ከማኅሌቱና ከቅዳሴው መጀመር ልማዳችን ነው። ዘንድሮ ግን ከማዕድ ቤት እንጀምራለን። ባለፈው ዓመት በቡሄ ዋዜማ በማዕድ ቤታችን ደጅ የሆነውን ሳንጽፈው ዓመት ሊሞላው ነው፤ ያን ማታ የተነሣው ክርክርም እስከ ዛሬ አልተቋጨም።

አስቀድመን ግን ከአገር ውጭ ለተወለዳችሁ፣ ወይም በከተማ አድጋችሁ ቡሄን በርችት ድምፅ ብቻ ለምታውቁት ጥቂት እንበል።

በአገር ቤት ቡሄ የሚመጣው ከጭቃ መካከል ነው። ከሰኔ ጀምሮ ሰማዩ እንደ ተከደነ ይከርማል፤ ወንዙ ሞልቶ መንገዱን ይዘጋል፤ እረኛው ገሳውን ለብሶ ከብቱን ተከትሎ ይውላል፤ በቤት ውስጥ ማገዶው ረጥቦ ጢሱ ዓይን ያስለቅሳል። ነሐሴ ሲጋመስ ደመናው አልፎ አልፎ ይገለጥና ሰማያዊው ይታያል። ሊቃውንቱ ቡሄ ማለት ብራ፣ ገላጣ ማለት ነው የሚሉት ይህንኑ ነው። ገበሬው ከቡሄ ወዲያ ያለውን ዝናብ እንደ ክረምት አይቆጥረውም፤ ቢዘንብም ሊሄድ የተነሣ እንግዳ ነው ብሎ ይታገሠዋል።

ወንዶች ልጆች ግን በዓሉን የሚጀምሩት ሰማዩ ሳይገለጥ ነው። ሳምንታት ሲቀሩት ቃጫ ወይም የዛፍ ልጥ ፈልገው ጅራፍ ይገምዳሉ። ጅራፉ ከእጀታው ወፍሮ ወደ ጫፉ እየቀጠነ መሄድ አለበት፤ ድምፁ ያለው ከጫፉ ነውና። አንዱ ከኮረብታው ላይ ሲያጮኸው ሌላው ከማዶ ይመልስለታል። ለሆያ ሆዬ የሚሆነው ዱላም ይቆረጣል፤ ልጡ በቀለበት በቀለበት እየተላጠ ቡራቡሬ ይደረጋል። በዋዜማው ማታ ችቦ ይበራል። ከዚያም ልጆቹ አንዱ እያወጣ ሌሎቹ እየተቀበሉ፣ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ፣ በየደጁ ይዞራሉ። ግጥሙ የቤቱን ጌታና እመቤት ያወድሳል፤ እጃቸው ከዘገየ በቀልድ ይወጋቸዋል፤ ሙልሙሉ ሲወጣ ደግሞ ወደ ምርቃት ይለወጣል። ያልሰጠ ሰው ምን እንደሚባል እዚህ አንጽፈውም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የልጃገረዶቹ ተራ ቆየት ብሎ በአሸንዳና በእንቁጣጣሽ ይመጣል።

አባቶቻችን በእያንዳንዱ ነገር ላይ ምሥጢር አይተውበታል። ችቦው ጌታችን በተራራው ላይ የገለጠው የብርሃነ መለኮቱ ምሳሌ ነው። የጅራፉ ጩኸት ከደመናው ውስጥ የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ ነው። ሙልሙሉም የራሱ ታሪክ አለው፤ በዚያች ዕለት ብርሃኑ በአካባቢው ስለ በራ እረኞቹ ልጆች የመሸ ሳይመስላቸው በመስክ ቀሩ፤ ወላጆቻቸውም ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ሊፈልጓቸው ወጡ ይባላል። ቡሄ እንግዲህ ልጁ ሳይገባ የመሸበት ወላጅ ዳቦ ይዞ የሚወጣበት በዓል ነው። ይህችን ነገር ያዙልን።

ከእናንተ መካከል በአብነት ትምህርት ቤት ያደጋችሁ አባቶች ደግሞ ሌላ ትዝታ አላችሁ። ደብረ ታቦር የተማሪ በዓል ነው። ተማሪው አኩፋዳውን ይዞ በየመንደሩ በለመነው እህል ጠላ ይጠምቃል፣ ዳቦ ይጋግራል፤ ዓመቱን ሙሉ የሚመግበውን የአገሩን ሰው በዚያች ዕለት እርሱ ጠርቶ ያበላዋል። ከአባቶቻችን አንዱ ይህን ሲያስታውሱ፣ «በዓመት አንድ ቀን ጋባዥ ነበርን፤ ውሻውም ያን ቀን አይጮኽብንም» ይላሉ።

ወደዚህ አገር ስንመጣ ነገሩ ተገልብጦ እናገኘዋለን። በአገር ቤት ተራራው ሩቅ ነው፤ ክረምቱ ቅርብ። እዚህ ተራራው ቅርብ ነው፤ ክረምቱ ሩቅ። ወንጌል የተራራውን ስም ባይጠራም የቤተ ክርስቲያን ትውፊት የሚያውቀው ታቦር ከናዝሬት በስተምሥራቅ 9 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በኢይዝራኤል ሜዳ ዳር እንደ ተደፋ ድስት ብቻውን ቆሞ ይታያል። ከፍታው 580 ሜትር ገደማ ነው፤ የላስታንና የስሜንን ተራሮች ለሚያውቅ ሰው ኮረብታ ቢመስለው አይፈረድበትም። ከኢየሩሳሌም በመኪና የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው። ትላልቅ አውቶቡሶች ጠመዝማዛውን አቀበት ስለማይወጡት ተሳላሚው ከግርጌው ወርዶ በትናንሽ መኪኖች ይወጣል። ከላይ የግሪክ ኦርቶዶክሶች የነቢዩ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያንና በ1924 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተሠርቶ ያለቀው የፍራንሲስካውያን ቤተ ክርስቲያን ይገኛሉ። ላቲኖቹ በዓሉን ኦገስት 6 ሲያከብሩ ግሪኮቹ ግን እንደ እኛው ኦገስት 19 ያከብሩታል።

ከሁለት ዓመት በፊት ከጥቂት ምእመናን ጋር ወደዚያ ወጥተን ነበር። ከአባቶች አንዱ ከላይ ሆነው ደርቆ ቢጫ የሆነውን ሜዳ እያሳዩ፣ በአገራችን በዚህ ቀን ሰማዩ ሲገለጥ ሕዝቡ እንዴት እንደሚደሰት ያስረዱ ነበር። በዚሁ አገር የተወለደ የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን አወጣና፣ «አባ፣ ዝናቡ ሲያቆም ለምን ደስ ይላቸዋል? ዝናብ ጥሩ አይደለም እንዴ?» ሲል ጠየቀ። ለእርሱ ሰማይ ከግንቦት እስከ መስከረም አንድ ዓይነት ነው፤ ደመና ማየትም ብርቅ ነው። በትምህርት ቤቱ ዝናብን የሚያውቀው የሚጸለይለት በረከት ሆኖ ነው። አባታችን ዝም አሉ። በመጨረሻ እናቱ ጫማዋን አውልቃ፣ በልጅነቷ ጭቃው እስከየት ይደርስ እንደ ነበር ከቁርጭምጭሚቷ በላይ በጣቷ አሳየችው። ልጁም «በየቀኑ?» አለ። «በየቀኑ» አለችው። ያን ጊዜ ጥቂት የገባው መሰለን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ አልለቀቀንም። ተራራውን ለልጆቻችን ማሳየት ቀላል ነው፤ መኪና መከራየት ብቻ ይበቃል። ክረምቱን ግን ልናሳያቸው አንችልም። ከቡሄ ወደዚህ አገር ሊሻገር የሚችለው በእጅ የሚሠራው፣ በአፍ የሚባለውና የሚበላው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ማዕድ ቤቱ እንግባ። ማዕድ ቤቱን የሚያገለግሉ አንዲት እናት አሉን፤ ስማቸው እንዳይጻፍ ስለ ለመኑን እማሆይ ብቻ እንላቸዋለን። በየዓመቱ በቡሄ ዋዜማ ሙልሙል የሚጋግሩት እርሳቸው ናቸው። ከሱቅ ቢገዛ ምናለ የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን በሱቅ ከሚሸጠው ለስላሳ ዳቦ እንቁላል ወይም ወተት የሚገባበት ስላለ ለጾማችን አይሆንም፤ ደግሞም የተገዛ ዳቦ በማን ስም እንደ ተጋገረ አይታወቅም። የእማሆይ አሠራር እንዲህ ነው፦ ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት 3 ብርጭቆ ያህል ለብ ያለ ውኃ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ከቀደመው ሊጥ የተቀመጠ አንድ እፍኝ እርሾ። የቆየ እርሾ የሌለው ሰው በደረቁ የሱቅ እርሾ ቢያቦካም ይሆንለታል፤ እማሆይ ግን ይህን ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞራሉ። ሊጡ ተሸፍኖ ኩፍ እስኪል ይቆያል። በአገር ቤት ብርድ ሌሊቱን ሙሉ ሊያድር የሚችለው ሊጥ በዚህ የነሐሴ ሙቀት ሦስት ሰዓት እንኳ አይታገሥም፤ ዝም ከተባለ ይኮመጥጣል፤ ስለዚህ የሚቦካው በዋዜማው ከቀትር በኋላ ነው። ከአንዱ ኪሎ አሥር ያህል ሙልሙል ይወጣል። እየተድበለበለ ሁለቱ ጫፎቹ ሾጠጥ ይደረጋሉ፤ ከዚያ በ200 ዲግሪ በጋለ ምድጃ 25 ደቂቃ ያህል ይበስላል። የመጀመሪያዎቹን ግን እማሆይ በምጣድ አክንባሎ ከድነው ያወጧቸዋል። ከታች ጠቆር ያላለ ሙልሙል ለእርሳቸው ሙልሙል አይደለም።

እያንዳንዱን ሲያድበለብሉ ስም ይጠራሉ። በእናታቸው ቤት ልጅ ሁሉ የየራሱ ሙልሙል ነበረው፤ የክርስትና ልጅ ያለው ሰውም የእርሱን ድርሻ ጠቅልሎ እስከ ቤቱ ይወስድለት ነበር። እማሆይ በጎጃም ሳሉ ክርስትና ያነሡት አንድ ልጅ አላቸው። በየቡሄው ከጓደኞቹ ቀድሞ ደጃቸው የሚደርስ፣ ዱላው ከቁመቱ የሚበልጥ ልጅ ነበር ይላሉ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው እርሳቸው መንነው ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ዛሬ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ምናልባት የራሱ ልጆችም ይኖሩታል። የመጀመሪያው ሙልሙል ግን በየዓመቱ በእርሱ ስም ይወጣል፤ ቀድሞ ደጅ ለደረሰው ልጅም ይሰጣል። ስንት ዓመት ሆነው ብንላቸው፣ «ዓመቱን አልቆጥርም፤ ሙልሙሉን ነው የምቆጥር» አሉን።

ችግሩ ደጅ የሚደርስ ልጅ መጥፋቱ ነበር። ገዳም ውስጥ ልጅ የለም። በዚህ ከተማ የሚኖሩ እናቶች በሰው ቤት ሲሠሩ ያመሻሉ፤ በማግሥቱም በጠዋት ይወጣሉ። በብዙዎቹ ዓመታት የዚያ ልጅ ሙልሙል ለአንዱ ዲያቆን ሲሰጥ ቆይቷል፤ ዲያቆናቱም በደስታ ይበሉታል፤ እማሆይ ግን ያ ሙልሙል ለልጅ እንደ ተጋገረ አይረሱም።

ባለፈው ዓመትም እንዲሁ መሸ። የሠርክ ጸሎቱ አለቀ፤ አርባ ያህል ሙልሙል በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ ገበታው ላይ ቆየ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን የበሩ ደወል ተደወለ። ሦስት እናቶችና ሰባት ልጆች ቆመዋል። እማሆይ በሩን ሳይከፍቱ ከውስጥ ሆነው፣ «ቡሄ ደወል አይደወልበትም፤ ደጅ ላይ ይጨፈራል እንጂ!» አሉ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከዚያ ትልቁ ልጅ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። ፊደል ማንበብ ስለማይችል እናቱ በቃሏ የነገረችውን ግጥም በዕብራይስጥ ፊደል ጽፎት ኖሯል። እያነበበ አወጣ። ጠውና ቀው በዚያ ፊደል ውስጥ አልፈው ሲመጡ ለስልሰው ይሰማሉ፤ አንዳንዱም ቃል ምን እንደሆነ እርሱም እኛም አላወቅንም። ታናናሾቹ ግን ተቀባዩን አሳምረው ያውቁታል፤ ዱላ ስለሌላቸውም በእግራቸው ድንጋዩን ይመታሉ። ከኋላችን ደግሞ ሌላ ድምፅ ተሰማ። በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ከክፍላቸው ወጥተው በመቋሚያቸው መሬቱን እየመቱ ይቀበላሉ።

እማሆይ በሩን ከፈቱ። የመጀመሪያውን ሙልሙል ለትልቁ ልጅ ሲሰጡት ስሙን አልጠየቁትም፤ የሚጠሩት ስም ነበራቸውና በዚያው ጠሩት። ልጁ «ስሜ እንዲያ አይደለም» ሊል አፉን ሲከፍት እናቱ በክርኗ ነካ አደረገችው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ክርክር ባልተነሣ። ነገር ግን ከዲያቆናቱ አንዱ፣ ቃጫ ቢያጣ ከዕቃ ማሰሪያ ገመድ የገመደውን ጅራፍ ይዞ ወደ ግቢው ወጣ። አንድ ጊዜ አጮኸው፤ ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። ሁለተኛ፤ ሦስተኛ። በድንጋይ ግድግዳ መካከል የሚጮኽ ጅራፍ በጎጃም ሜዳ ላይ እንደሚጮኸው አይደለም፤ ግድግዳው እየተቀባበለ ያባዛዋል። በዚህች ከተማ ደግሞ በሌሊት የሚሰማ እንዲህ ያለ ድምፅ ትርጉሙ ሌላ ነው። በአካባቢው መብራቶች ጠፉ እንጂ አልበሩም። ከፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን መስኮታቸውን በጥቂቱ ከፍተው በሚንቀጠቀጥ ድምፅ ምን እንደሆነ ጠየቁ። ከእናቶቹ አንዷ በዕብራይስጥ አስረዳቻቸው። አንድ አባትም ሁለት ሙልሙል በሳሕን አድርገው እስከ በራቸው ወስደው ይቅርታ ጠየቋቸው። በማግሥቱ ሳሕኑ በለስ ሞልቶ ተመለሰ።

ክርክሩ የተጀመረው ያን ሌሊት ነው። አንድ ታላቅ አባት፣ ገዳም የጸጥታ ስፍራ እንደሆነ፣ ጊዜውም የእመቤታችን ጾም እንደሆነ፣ ልጆቹ ነገሩን በጨዋታነቱ ብቻ ከያዙት ምሥጢሩ እንደሚጠፋ በብርቱ ተናገሩ። ነገራቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ከተሞቻችን ውስጥ ቡሄ ምን እንደሆነ ያየ ሰው ያውቀዋል። መቋሚያ ይዘው የወጡት አባት ግን፣ «ስለ ደብረ ታቦር መጀመሪያ የሰማሁት ከመምህሬ አይደለም፤ ከእናቴ ሙልሙል ነው። መምህሬ የጨመሩልኝ በዚያ ላይ ነው» አሉ። ስለ ጅራፉ ሲነሣም ፈገግ ብለው፣ «ሐዋርያቱም እኮ ድምፁን ሲሰሙ ደንግጠው በፊታቸው ወድቀዋል» ብለው ሁላችንንም አሳቁን።

እኛ በዚህ ዓምድ የምናዘጋጀው ወገን አሳባችንን አንደብቅም። ልጆቹ ይምጡ፤ ይጨፍሩም። ግጥሙ ቢሰባበርም፣ በባዕድ ፊደል ቢጻፍም ይበሉት። ምሥጢሩን ማስተማር ከእኛ ከአባቶች ይጠበቃል፤ የሚማረው ልጅ ግን ከደጅ ካልደረሰ የምናስተምረው ማንን ነው? ቡሄ ዳቦ ይዞ ልጅን ፍለጋ የሚወጣበት በዓል ነው ብለን ነበር፤ እኛ ግን ዳቦውን ሸፍነን ልጁ መጥቶ ደወል እስኪደውል ስንጠብቅ ኖረናል። ስለ ጅራፉ ግን ከታላቁ አባት ጋር ነን። የአብ ድምፅ ምሳሌ የሆነው ነገር አንዲትን አሮጊት በጨለማ ውስጥ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ በሌሊት መጮኹ ይቅር። ችቦውም እንዲሁ፤ በአገር ቤት መሬቱ ርጥብ ስለሆነ ችቦ ቢጣል ይጠፋል፤ እዚህ በነሐሴ ሣሩ ሁሉ ክብሪት የሚጠብቅ ነው። ጧፍ ይበቃናል።

ዘንድሮ የተወሰነው እንዲህ ነው። በዋዜማው፣ ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ ከሠርክ ጸሎት በኋላ ከአባቶች ሁለቱና ከዲያቆናቱ ሦስቱ ሙልሙል ይዘው እናቶቹ ወደሚኖሩባቸው ቤቶች ይሄዳሉ፤ ልጆቹንም ይዘው ይመጣሉ፤ ከሥራ የምታመሽ እናት በኋላ ትደርሳለች። ግጥሙን በፊደል ጽፈን፣ ከሥሩም አነባበቡን ለልጆቹ በሚገባቸው ፊደል አድርገን በግቢው በር አጠገብ እናስቀምጣለን፤ ከአሁኑ ወስዳችሁ አስጠኗቸው። ጅራፍ በበዓሉ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ለጎረቤቶቻችን አስቀድሞ ከተነገረ በኋላ፣ በግቢው መካከል ይጮኻል። ከአገር ቤት የምትመጡ ተሳላሚዎች በሻንጣችሁ ጥቂት ቃጫ ብትይዙልን ዲያቆናቱን ከዕቃ ማሰሪያ ገመድ ታድኗቸዋላችሁ።

ሙልሙል የሚፈልግ ልጅ ያላችሁ እስከ ነሐሴ 10 ቀን ድረስ የልጁን ስም ለማዕድ ቤት ንገሩ። ስንት ልጅ እንዳላችሁ ብቻ ብትናገሩ እማሆይ አይቀበሏችሁም፤ ስም ነው የሚሉት። በሩቅ አገር ላለ የክርስትና ልጅም ማስመዝገብ ይቻላል፤ ባለፈው ወር ብቻ አራት ሰዎች አስመዝግበዋል። ከፎቅ ላሉት ጎረቤታችን የሚሆነው ሁለቱም ከወዲሁ ተቆጥሯል።